ሁለቴ የተነበበው ግጥም

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ለፈተና የታዘዝነውን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር በሻይ ቤቱ በር ላይ «ዛሬ ዳቦ የለም» የሚለውን ነው።

ባለፈው ሳምንት ሻይ ቤታችን ባለበት ትምህርት ቤት በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። የመምህር ፈለቀ የቆየ ፎቶ አለበት፤ ያንን የሱፍ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወደ ላይ ይመለከታል። መምህር ፈለቀ በአገሩ በሕመም አረፈ ይላል። ከሥሩ ደግሞ የሚያውቁት ሁሉ የሚያስታውሱትን ጽፈው ለሥነ ጽሑፍ ክበቡ እንዲሰጡ፣ በመጽሔት መልክ እንደሚወጣ ተጽፏል። «የሚያውቁት ሁሉ» ነው የሚለው፤ የክፍል ደረጃ አልጠቀሰም። እኔ ደግሞ አውቀዋለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ሻይ አቅርቤለታለሁ።

በሕይወት ሳለ «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» እለዋለሁ። ለሞተ ሰው እንዲህ ማለት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ክበቡ ባያትመው አልቀየምም።

ሌሎቹ የጻፉትን ሰምቻለሁ። የክበቡ ልጆች ሻይ እየጠጡ ጮክ ብለው ያነባሉ። አንዱ «የእውቀት ዋርካ» ይለዋል፣ ሌላው «የማይነጥፍ ምንጭ»። ሁሉም የእሱ ተማሪዎች መሆናቸው ያስታውቃል። መምህር ፈለቀ ዋርካ አልነበረም። ዋርካ ሥር ሰው ያርፋል። እሱ ካለበት ጠረጴዛ ሰው ሻዩን ጨልጦ ይነሳ ነበር።

ከሻርፑ ልጀምር። አሶሳ በመጋቢት ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ያልበዋል። እሱ ከደጋ ይዞት የመጣውን ሻርፕ አያወልቅም። ሻይ ሳቀርብ ጎንበስ ስለምል ከሻርፑ ሥር አንገቱ በሙቀት ሽፍ ብሎ ይታየኛል። አንድ ቀን የሒሳብ መምህሯ፣ «ፈለቀ፣ በሞቴ ይሄን ነገር አውልቀው፤ አንተን ሳይ እኔ ነኝ የሚያልበኝ» አለችው።

«ገጣሚ ለአየር ጠባይ አይለብስም» አላት።

«ታዲያ ለምንድነው የሚለብሰው?»

ሻዩን አነሳና ወደ መስኮቱ ዞረ። መልስ ሲያጣ ወደ መስኮት ይዞራል፤ ተማሪዎቹ እያሰበ ይመስላቸው ነበር።

የትእዛዝ ግጥም የሚባለውን ነገር በትምህርት ቤቱ የጀመረው እሱ ነው። ይህን አልክድም። ከሩቅ መንደር የሚመጡ ሴቶች ልጆች በከተማው ማደሪያ እያጡ ትምህርት ያቋርጣሉ። እኔ ራሴ አንዷ ነኝ። በመንደራችን ያለው ትምህርት ቤት እስከ ስድስት ብቻ ነበር፤ ሰባተኛ ለመማር አሶሳ ማደር ያስፈልጋል። ማደሪያ አልነበረኝም፤ ቀረሁ። አሶሳ የገባሁት ከዓመታት በኋላ ለሥራ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የሴቶች ማደሪያ ሊሠራ ተነሳ። መምህር ፈለቀም መላ አመጣ። ነጋዴው፣ ማኅበሩ፣ መንደሩ ግጥም ያዛል፤ የክበቡ ተማሪዎች ይጽፋሉ፤ በአንድ ትልቅ ቀን በሞንታርቦ ይነበባል፤ ያዘዘው ሰውም ተነስቶ ለማደሪያው የሚሰጠውን በሕዝብ ፊት ይናገራል። አንዱ ቆርቆሮ፣ አንዱ አሸዋ፣ አንዱ ቀርከሃ፣ አንዱ ጉልበት። መላው ጥሩ ነበር። ጥሩ መላ በማን እጅ ሊወድቅ እንደሚችል ያየሁት ያኔ ነው።

ታናሽ እህቴ ሲቲና ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። የምታድረው አክስታችን ቤት ነው። አክስታችን ግን ወንድ ልጇን ልትድር ስለሆነ ክፍሉ ለሙሽሮቹ ተፈልጓል፤ ከክረምት በኋላ ለሲቲና ቦታ የለም። እኔ የማድረው በሻይ ቤቱ ጓዳ፣ ከባለቤቷ ከእትዬ አስካለ ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ ነው። አባታችን ደግሞ፣ «ማደሪያ ካለ ትማር፤ ከሌለ እንደ እህቷ ትቅር» ብሎ ጨርሷል። አባቴ አንድ ጊዜ ያለውን አይደግምም። ስለዚህ ያ ማደሪያ ለሌላው ሰው በጎ ሥራ ነበር፤ ለእኛ ግን ሲቲና ነበረች።

የክበቡ ስብሰባ የሚደረገው በሻይ ቤቱ ነው፤ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ። ኩባያ እያጠብኩ ሁሉንም እሰማለሁ። መምህር ፈለቀ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ሦስት ጣቱን ያነሳል።

«ሦስት ነገር የሌለበት ግጥም ከዚህ ክበብ አይወጣም። ምን ምን?»

«ወርቅ፣ ቀርከሃ፣ ዋዛ» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ዋዛ የእኛ የበርታዎች መለከት ነው፤ ከቅል ይሠራል፣ ብዙ ሰው ሆኖ ይነፋዋል።

አንድ ቀን ከባምባሲ በኩል የመጣ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የእኛ ሰፈር ቀርከሃ የለም።»

«ግጥሙ ውስጥ ይኑርላችኋ» አለው። ልጆቹ ሳቁ። እሱም የሳቁት በአባባሉ ውበት መስሎት አብሮ ሳቀ።

ሌላም አባባል ነበረው። «ምስጋና የሚጠላ ጆሮ የለም» ይላል። «ሕዝብ እውነቱን ቤቱ ያውቀዋል፤ እኛ ዘንድ የሚመጣው ሌላ ፈልጎ ነው» ይላል። ይህን ሲል ሻርፑን በአንድ እጁ ወደ ኋላ ይወረውራል። እኔ ከዕቃ ማጠቢያው ሆኜ አይቼ የማላውቀው ነገር ቢኖር ሰው ጠይቆ ሲጽፍ ነው። አንድ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴ ግጥም ሲያዝ ምን እንደሠራ የጠየቀው የለም፤ «የአሶሳ አንበሳ» ተባለ። ሰውየው ውሻ ሲያይ መንገድ የሚለውጥ ነው። ቆርቆሮውን ሰጠ፤ እሰየው። ግጥሙን ደግሞ አስለብዶ ከሱቁ መሳቢያ በላይ ሰቀለው፤ እስከ ዛሬ አለ።

ሲቲና ግን ትጠይቅ ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለችው የበርታ መንደር ሽማግሌ ሼህ ሐሚድ ግጥም ሲያዙ፣ ሥራው ለእሷ ተሰጣት። ሦስት ቀን ከሴቶቹ ጋር ውሃ ቀዳች። ሴቶቻችን ውሃ የሚይዙት በትከሻ ነው፤ እንጨቱን ትከሻ ላይ ጋድም ያደርጉና በሁለቱ ጫፍ ጀሪካን ያንጠለጥላሉ። እሷም ጻፈችው። እንጨቱ የሚቆረቁረውን ትከሻ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲያልፉ ከውስጥ የሚሰማውን የልጆች ንባብ፣ ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን የሚያሰማውን ድምፅ። ለእኔ አነበበችልኝ። ስለ ግጥም አላውቅም። ግን ኩባያውን በእጄ እንደያዝኩ የማጠቢያው ውሃ ቀዘቀዘ።

መምህር ፈለቀ አነበበና እስክሪብቶውን አወጣ። «ጀሪካን ግጥም ውስጥ አይገባም፤ እንስራ በይው።»

«ቲቸር፣ እንስራ አይዙም።»

«እንስራ በጀርባዋ አዝላ» ብሎ በላዩ ላይ ጻፈበት። «አየሽ? አሁን ዘፈነ። ትከሻውን አውጪው። ዋዛው የታለ?»

«የሚነፋ የለም እኮ፣ ውሃ ነው የሚቀዱት።»

«ውሃ እየቀዱ ይነፋላቸዋ።»

ሲቲና ወረቀቱን ተቀብላ ወደ እኔ መጣች። አላለቀሰችም። «ዘሃራ፣ እኔ ይሄን አላነብም» አለችኝ በአፋችን፣ በበርታ። እኔም፣ «ታነቢዋለሽ፤ ማደሪያው ነው» አልኳት። ያን ቀን ያልኳት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከሁሉ ትልቁን ትእዛዝ ያመጡት አያ ይመር ናቸው። በድርቁ ዘመን ከወሎ በመኪና ተጭነው መጥተው እዚህ ከሰፈሩት አንዱ ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለችው የሰፋሪዎች መንደር ሽማግሌ ናቸው። መንደራቸው አሸዋና ድንጋይ፣ ለግንባታውም ጉልበት ሊሰጥ ተስማምቷል። ከመምህር ፈለቀ ፊት ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ወንድሜ፣ እኛ ብዙ አንፈልግም» አሉት። «እንዲህ በልልን። ከመኪናው ስንወርድ ግማሻችን ወባ ይዞን ነበር። እንዴት እንደምንተርፍ አናውቅም። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሰዎች፣ እነ ሼህ ሐሚድ፣ ማሽላ ተሸክመው መጡ። ቋንቋ አንተዋወቅም። ማሽላውን አስቀመጡና ሄዱ። ይሄን ካልክልን ሌላው ትርፍ ነው።»

መምህር ፈለቀ አንድ ቃል አልጻፈም። «ገባኝ አባቴ» አላቸው። «ጀግንነት ነው።»

«ጀግንነት እንኳ አይደለም። ማሽላ ነው።»

«ይገባኛል፣ ይገባኛል» እያለ ሸኛቸው። ከዚያም ይህን ግጥም ለተማሪ አልሰጥም፣ በራሴ እጅ እጽፈዋለሁ አለ።

ማደሪያው የሚሠራበት ቦታ የማን እንደነበር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘው የማንጎ ማሳ የሼህ ሐሚድ ቤተሰብ ነው። አያታቸው የተከሏቸው ዛፎች አሉበት፤ አባታቸውም ከዚያው አጠገብ ነው የተቀበሩት። ከማሳው ግማሹን ለማደሪያው ሊሰጡ በአፍ ቃል ገብተዋል፤ በትልቁ ቀን ግጥማቸው ከተነበበ በኋላ ተነስተው በሕዝብ ፊት ሊናገሩ ነበር።

ከበዓሉ በፊት ባለው ሐሙስ መምህር ፈለቀ የጻፈውን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወደ ክፍል ገባ። ወረቀቱ ላይ የሻይ ኩባያ አስቀምጦበታል። ኩባያውን ሳነሳ አነበብኩት። ቀስ ብዬ ስለማነብ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያው እንዲህ ይል ነበር፦

ሰው ያልረገጠው ዱር፣ ባዶ ነበር ምድሩ፤
አውሬውን አባረው፣ ቤት ሠርተው አደሩ።

ይህን በሼህ ሐሚድ ፊት ሊያነብ ነው። እኔ ለሰው ቀና ብዬ የማልናገር ነኝ፤ እትዬ አስካለ «ይቺ ልጅ ምላሷን መንደሯ ረስታው ነው የመጣችው» ትላለች። ሲቲናን አሰብኩና እሱ እስኪመለስ በሩ ላይ ቆምኩ። ከሦስት መምህራን ጋር ተመለሰ።

«መምህር፣ ይቅርታ» አልኩት። «ግጥሙ ላይ... ምድሩ ባዶ አልነበረም። ሰው ነበረበት። ሼህ ሐሚድም ይመጣሉ።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ መምህራኑን አየ።

«አንቺ ስንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሽው?»

«ስድስት።»

«እንግዲያው ስድስትሽን ይዘሽ ኩባያሽን እጠቢ።»

ሁለቱ መምህራን ሳቁ። የሒሳብ መምህሯ አልሳቀችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔም ሄጄ አጠብኩ። ለአያ ይመር ልንገራቸው ብዬ ነበር። ዓርብ ዕለት ለዳቦ ሲመጡ በአጠገቤ አለፉ፤ አፌ እንቢ አለኝ። ሰውን ስነቅፍ ራሴን አልረሳም፤ ያ ዓርብ የእኔ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ድንኳን ተጣለ። ሼህ ሐሚድ ከአምስት ሽማግሌዎች ጋር ከፊት ተቀመጡ፤ አያ ይመር ከጎናቸው። ወንበር ሲያጥር ሁለቱ በአንድ አግዳሚ ነው የተቀመጡት። እኔ ከኋላ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ቀዩን የአበባ ሻይ፣ ከርከዴ፣ አቀርባለሁ። ሲቲና ወረቀቷን ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች።

መምህር ፈለቀ ዓይኑን ጨፍኖ አነበበ። ዓይኑን ጨፍኖ ማንበብ ይወዳል። ለዚህም ነው «ባዶ ነበር ምድሩ» ሲል የሼህ ሐሚድን ፊት ያላየው። ግጥሙ ረጅም ነው። ዱሩ ተመነጠረ፣ አውሬው ተባረረ፣ ጨለማው ተገፈፈ፤ ማሽላ የሚባል ቃል የለበትም። ሼህ ሐሚድ ወደ አያ ይመር ዞር አሉ። አማርኛቸው የገበያ ነው፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ይመር፣ ይሄ መሬት ሰው የለም ነበር? እኔ አባት የት ተቀበረ?»

ሼህ ሐሚድ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፤ አምስቱም ተነሱ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተቆጣም። በመደዳ ወጡ።

መምህር ፈለቀ ዓይኑን የገለጠው ግጥሙ ሲያልቅ ነው። የሽማግሌዎቹን ባዶ ቦታ አየና ፈገግ አለ።

«አባቶቻችን ለሰላት ተነስተዋል» አለ በሞንታርቦው። «እስኪመለሱ፣ ያመለጣቸው እንዳይቆጫቸው፣ እኔም ለእናንተ አንዴ ልድገመው።»

ደገመውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ሰላቱ ገና ነው» አሉ አያ ይመር ለራሳቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። እሳቸውም የሚሰግዱ ሰው ናቸው፤ ሰዓቱን ያውቃሉ። ሲቲና ወረቀቷን አራት አጥፋ ኪሷ ከተተች። የእሷ ተራ አልደረሰም፤ አድማጮቿ ሄደዋል።

ሰኞ ከመንደሩ መልእክት መጣ። አጭር ነው፤ የማንጎው ማሳ ለማንም አይሰጥም። ርዕሰ መምህሩ ጭንቅላቱን ያዘ። ቆርቆሮ አለ፣ አሸዋ አለ፣ ጉልበት አለ፤ የሚቆምበት መሬት የለም። መምህር ፈለቀ ተጠርቶ ምክንያቱ ሲነገረው፣ «ግጥም በምሳሌ ነው የሚናገረው፤ አልገባቸውም» አለ። ስድስት ዓመት አሶሳ ኖሯል። ከአጥሩ ጀርባ ያለችው መንደር በእግር አምስት ደቂቃ አትፈጅም። አንድ ቀን ገብቶባት አያውቅም፤ ጭቃው ጫማ ያበላሻል ይላል።

አያ ይመር ግን መጡ። «ነገሩ በእኛ ስም ነው የተነገረው» አሉ። «ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። አንተም ትመጣለህ መምህር። የሚያስተረጉም ይዘን እንሂድ፤ ሼህ ሐሚድ በቤታቸው በአፋቸው ነው የሚናገሩት። እኔ ቋንቋውን እሰማለሁ፤ ግን ተከሳሽ ራሱ አያስተረጉምም። ይቺ ልጅ ትምጣ፤ የሁላችንንም ሻይ ታውቃለች።»

እኔን ነው ያሉት። ሲቲናም እጄን ይዛ ተከተለች።

የሼህ ሐሚድ ግቢ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ተዘርግቷል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። አያ ይመር ገና ሳይቀመጡ ጎንበስ ብለው ያንን የማሽላ ነገር ተናገሩ፤ በተሰባበረ በርታ ራሳቸው ነው የተናገሩት፣ እኔን አልጠበቁም። ሼህ ሐሚድ ይዘው አስቀመጧቸው። ከዚያ ሁሉም ወደ መምህር ፈለቀ ዞረ።

መምህር ፈለቀ ተነሳ፣ ሻርፑን አስተካከለ፣ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ግጥም ጽፎ መጥቷል። የይቅርታ ግጥም።

«ሁለት ሁለት መስመር አነባለሁ፤ አንቺ ትተረጉሚያለሽ» አለኝ።

ዓይኑን ጨፈነ።

ወርቅ ነው ልባችሁ፣ ቀርከሃ ቁመቱ፤
ዋዛ ነው ድምፃችሁ፣ ማር ነው አንደበቱ።

ቆመ። ሁሉም እኔን ጠበቀ። ይህን እንዳለ በአፋችን ብመልሰው ምን እንደሚሆን ታየኝ። ሼህ ሐሚድ ዳግመኛ ይነሳሉ፤ አሁን ቤታቸው ስለሆነ ግን የምንወጣው እኛ ነን። ሲቲና ደግሞ ከክረምት በኋላ ከእኔ አጠገብ ኩባያ ታጥባለች። ምንጣፉን እያየሁ አፌን ከፈትኩ።

«ይህ ሰው እንዲህ ይላል» አልኩ በበርታ። «በዚህ ከተማ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ከአጥሬ ጀርባ ያላችሁትን አንድ ቀን መጥቼ አልጠየቅኳችሁም።»

እሱ ቀጣዩን ሁለት መስመር አነበበ፤ የወርቅ ማዕድን ነበረበት። እኔም ቀጠልኩ። «መሬቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ሳላውቅ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ ልትነግረኝ መጥታ አባረርኳት ይላል።» ሌላ ሁለት መስመር። «በአባታችሁ መቃብር አጠገብ ቆሜ ምድሩ ባዶ ነው አልኩ። እሱንም ሁለት ጊዜ አልኩት። አፍሬያለሁ ይላል።»

እስከ ዛሬ በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሲቲና የሻሿን ጫፍ ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። አያ ይመር ሁሉንም ሰምተዋል፤ ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አስደገፉ።

«ቋንቋችሁ ረጅም ነው» አለኝ መምህር ፈለቀ በሹክሹክታ። «ግን አሪፍ ነው፤ ቀጥዪ።»

ሲጨርስ ሼህ ሐሚድ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ በአፋችን ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ያለው እሱ ነው?»

«አዎ» አልኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ።

«እንዲህ ካለ ይቀመጥ፤ ይብላ» አሉ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበ። በእጃቸው ወደ መምህር ፈለቀ ገፉለት። ስንወጣ ለአያ ይመር፣ በአማርኛ፣ «መሬቱ ለሴት ልጆች ነው» አሏቸው። «ግጥም አይደለም። ሴት ልጆች።»

ማደሪያው ተሠራ። ሲቲና ሦስት ዓመት አደረችበት፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዛሬ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። መምህር ፈለቀ ደግሞ የይቅርታ ግጥሙን አስለብዶ በማደሪያው በር ላይ ሰቀለ። ለየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይተርከው ነበር። «ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው መሬቱን ከልክለው ነበር» ይላል። «አንድ ግጥም አነበብኩላቸው፤ መለሱት። ከዚህ በላይ ግጥም ምን ያደርጋል?» ልጆቹ በአድናቆት ያዩታል። እኔ ሻዩን አስቀምጬ እሄዳለሁ። በየሳምንቱ የዚያን ግጥም አቧራ የምጠርገውም እኔ ነበርኩ።

ሌባ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሌባን ሰው ይሰድበዋል፣ ይረሳዋል። እሱ አንድ ፍራንክ አልነካም፣ አንድ ቀን ከሥራ አልቀረም፣ ራሱ በጻፈው ራሱ ያለቅስ ነበር። እውነተኛ እንባ ነው፤ ጠረጴዛውን የምወለውለው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። የሚያሳዝነው ግን ያ ሁሉ እንባ ከፊቱ ያለውን አንድ ሰው እንኳ አይቶ ያፈሰሰው አለመሆኑ ነው።

ወደ አገሩ ሲዛወር ባጃጁ በሩ ላይ ቆሞ፣ የመጨረሻ ሻዩን በቁሙ ጠጣ። ከሁሉም ተሰናበተ። እኔ ጋ ሲደርስ ስሜን ለማስታወስ የፈለገ መሰለኝ፤ አልመጣለትም። በአምስት ዓመት ጠይቆኝ አያውቅማ። ኩባያውን በእጄ ሰጠኝና ሻርፑን ወደ ኋላ ወረወረ።

«አንቺ» አለኝ፣ «ያን ቀን በደንብ ነው የተረጎምሽልኝ። አንድ ቃል እንኳ አልጣልሽብኝም።»